ቤታችንን እንዴት እንጠብቅ?

በቀብሪበያ ከተማ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ሁሉ ሌባ አይደለም። ከጅጅጋ የተነሣበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ያመሸ የቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ግመል ጠፍቶበት ሲፈልግ የመሸበት የገጠር ዘመድ ሊሆን ይችላል። ምጥ የያዛት ጎረቤት ልጇን ልካ ይሆናል። ሌባም ይሆናል። ከውስጥ ያለው ሰው ከእንቅልፉ ባንኖ፣ በጨለማ ውስጥ ቆሞ፣ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ባንድ አፍታ መለየት አለበት። እንዲህ ባለው ሰዓት ማሰብ ይቸግራል። ስለዚህ የሚታሰበው በቀን፣ ሻይ እየተጠጣ፣ ሁሉም ባለበት ነው። በዚህ ትምህርት የምንነጋገረውም አንድ ቤተሰብ ቤቱን ከሌሊት ገቢ ለመጠበቅ በቀን ምን መመካከርና ምን ማዘጋጀት እንዳለበት ነው።

ቀብሪበያ ከጅጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት በፈረሰ ጊዜ የተሰደዱ ሰዎች የሰፈሩበት መጠለያ ከከተማዋ ጋር ተያይዟል። ስለሆነም በዚህች አንዲት ከተማ ብዙ ዓይነት ቤት አለ። የብረት በር ያለው የብሎኬት ቤት አለ፤ የጭቃ ቤት አለ፤ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ አለ፤ በሰሌንና በሸራ የተሸፈነ አቃልም አለ። ወደ ዳር ወጣ ሲባል ደግሞ በእሾህ የተከበበ የፍየልና የግመል በረት ይታያል። ለብሎኬት ቤት የሚሆነው ምክር ለአቃል አይሆንም። ሆኖም ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ ከእሱ እንጀምር።

ስለ ቤት ጥበቃ ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያወራው ስለ አጥር፣ ስለ ቁልፍና ስለ መሣሪያ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሌሊት ቤት ውስጥ የሚያድረው ማን ነው?» ብለን ነው። በጅጅጋ ዙሪያ የቤተሰብ ቁጥር እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በጉ ዝናብ ጊዜ ሣርና ውሃ በቅርብ ስለሚገኝ ሰውም ከብትም ይሰበሰባል። ጅላል በሚባለው ደረቅ ወራት ግን ጎልማሶችና ወጣቶች ግመሉን ይዘው ውሃ ፍለጋ ይርቃሉ። ነጋዴውም ገበያ ተከትሎ ውጭ ያድራል። ቤት የሚቀሩት እናቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ይሆናሉ።

አንድ ቤተሰብ ለምሳሌ እንውሰድ። እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ስለሆነ ስም አንሰጠውም። አባት ወደ ቶጎ ውጫሌ እየተመላለሰ ይነግዳል። እናት በገበያ ወተት ትሸጣለች። አያት አሉ፤ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ፣ የ12 ዓመት ልጃገረድና ሁለት ሕፃናት አሉ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስለ ቤታቸው ጥበቃ ተነጋገሩ።

«ሌባ ቢመጣ እኔ እነሣለሁ፤ ዱላዬ በራስጌዬ ነው» አለ አባት።

«አንተ ቶጎ ውጫሌ በምታድርበት ሌሊትስ ማን ይነሣል?» አሉ አያት።

«እኔ አለሁ፣ አየዮ፤ እርስዎ አያስቡ» አለ ወንዱ ልጅ።

«አንተስ በጅላል ከአደርህ ጋር ግመል ልታጠጣ ስትሄድ?»

ዝም ተባለ። በኋላ ልጅቱ፣ «እኔ እኮ ሁልጊዜ አለሁ» አለች። ትንንሾቹ ሳቁ። አያት ግን አልሳቁም። «እንግዲያው እቅዱን ለእሷና ለእናቷ የሚሆን አድርጉት» አሉ።

እኛም የአያትን ሐሳብ እንደግፋለን። አባትና ጎረምሳው ባሉበት ሌሊት ብቻ የሚሠራ እቅድ፣ እነሱ በሌሉበት ሌሊት ቤቱን ባዶውን ይተወዋል። ሴቶችና ሕፃናት ብቻ ለሚያድሩበት ሌሊት የተሠራ እቅድ ግን ሁሉም ባሉበትም ያገለግላል። ደግሞም ሌባ የቤቱን ወሬ ይጠይቃል፤ ማን እንደሄደ፣ መቼ እንደሚመለስ ያጣራል። ስለዚህ «አባታችን እስከ ሐሙስ አይመጣም» የሚለው ወሬ በገበያ መነገር የለበትም። ልጆች ይህን አያውቁትምና ይነገራቸው።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። በር ሲንኳኳ የሚከፍተው ሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱም አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን። ሕፃን አይክፈት። ከፋቹ በበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ቆሞ «ዋ አዮ?» ብሎ ይጠይቅ። የቤቱ ሰው ከሆነ ድምፁ ይለያል። ድምፅ ግን በጉንፋንም በነፋስም ይለወጣልና፣ ቤተሰቡ ለራሱ አንድ ቃል ቢመርጥ መልካም ነው። ቃሉ ቀላል ይሁን፤ የአንዲት ፍየል ስም ቢሆን ይበቃል። የማይታወቅ እንግዳ ከሆነስ? በሶማሌ ባህል እንግዳን መመለስ ነውር መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን «ቆይ፣ ጎረቤታችንን ቀስቅሰን እናስገባህ» ማለት እንግዳን መመለስ አይደለም። እውነተኛ እንግዳ በዚህ አይቀየምም። ሌባ ከሆነም ሁለተኛ ሰው ሲነሣ ማየት አይፈልግም።

አንዳንድ ሌቦች «ፖሊስ ነን፣ ክፈቱ» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው መኖሪያ ቤት ከሕግ ውጭ እንዳይፈተሽ ይጠብቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ፍርድ ቤት በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ፍተሻ የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሆን ደንግጓል። እርግጥ ፖሊስ ሌሊት የሚመጣበት ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ለምሳሌ ወንጀለኛ እያሳደደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሳደብም መታገልም አይገባም። በትሕትና መታወቂያና የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያሳዩ መጠየቅ፣ ጎረቤትም እስኪመጣ እንዲታገሡ መለመን ነው። ለዚህም የፖሊስ ጣቢያው ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በሩ አጠገብ ይለጠፍ። ማንበብ የተማረ ሰው ካለበት ቤት ይህ ወረቀት ሊጠፋ አይገባም።

በር የሚጠነክረው በተሰካበት ነው እንጂ በቁልፉ ብቻ አይደለም። ውድ ጓጉንቸር በአራት አጭር ሚስማር በተመታ ማያያዣ ላይ ቢንጠለጠል ሌባው ጓጉንቸሩን አይነካውም፤ ማያያዣውን በብረት ነቅሎ ይገባል። ስለዚህ ማያያዣው በሩን በስቶ በሚያልፍ ብሎን ይታሰር፤ ዳዶውም በውስጥ በኩል ይሁን። የበሩ ማጠፊያ በውጭ በኩል ከሆነ እሱንም ተመልከቱ፤ ቁልፉ ሳይነካ በሩ በማጠፊያው በኩል ይነቀላልና። ከውስጥ አንድ ጠንካራ እንጨት አግድም መወርወር እስካሁን ከብዙ ቁልፍ ይሻላል።

የቆርቆሮ አጥር ከሰው ዓይን ይከልላል። ይሁንና ሌባውንም ይከልለዋል፤ አንዴ ከገባ በኋላ የሚያየው የለም። ቋሚዎቹን ምስጥ እንዳልበላቸው በየጊዜው በእግር ገፋ እያደረጉ መሞከር ይገባል። ከአጥሩ ሥር የተቆለለ ብሎኬት፣ የተደገፈ መሰላል ወይም የውሃ በርሜል ለሌባ ደረጃ ይሆነዋል፤ ከዚያ ይነሣ። በአቃል ውስጥ ለሚያድሩ ደግሞ ቁልፍም በርም ያን ያህል አይረዳም፤ ሸራው በምላጭ ይቀደዳል። ለእነሱ የሚሻለው ድምፅ ነው። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳዎች ውስጥ ጠጠር ጨምሮ፣ በገመድ አያይዞ በጉልበት ከፍታ በዙሪያው መዘርጋት ነው። ገመዱ ሲነካ ይንኳኳል። ብዙ ቤተሰብ በሃይማኖት ምክንያት ውሻ ቤት አያስገባም፤ ስለዚህ «ውሻ አሳድጉ» የሚለውን የሌላ አገር ምክር እዚህ አንደግመውም። ውሻ በበረት ያለው ግን ይጠቀምበት፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንበት ከበረቱ ራቅ አድርጎ አይሰረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። በሩን ከውስጥ በጓጉንቸር ቆልፈው ቁልፉን ትራስ ሥር አድርገው የሚተኙ አሉ። ኩራዝ ወድቆ ሸራው ወይም ፍራሹ ቢቀጣጠል፣ በጭስና በጨለማ ውስጥ ቁልፍ ፍለጋ ሲባል ሰው ያልቃል። ቁልፉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሚስማር ላይ ይሰቀል። ሚስማሩ ከመስኮት በእጅ የማይደረስበት፣ ነገር ግን ልጅ የሚደርስበት ይሁን። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁልፉን አግኝተው በሩን እንዲከፍቱ በቀን አለማምዷቸው። እንደ ጨዋታ ይወዱታል።

በከተማው ዳር ለሚኖር ብዙ ጊዜ የሌሊት ገቢው ጅብ ነው። ጅብ ከመዝለል ይልቅ መግፋትና ከሥር መቦርቦር ይቀናዋል። ስለዚህ የእሾህ አጥር ሲታጠር የግራሩ ቅርንጫፍ ጉቶው ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ሆኖ ይተኛል። ጅቡ ሊጎትተው ሲሞክር የሚይዘው እሾህ ብቻ ይሆናል። የበረቱ በርም እንዲሁ ነው፤ አንድ ትልቅ እሾሃማ ቅርንጫፍ በጉቶው ከውስጥ ተጎትቶ ቀዳዳውን ይዘጋል። እሾህ ሲደርቅ ይሳሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ከላዩ ይደረባል። ግልገሎች ከመሐል በትንሽ ጉረኖ ይግቡ። ጅብም ሆነ ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉ ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይኬድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚረዳው ቀደም ብሎ ከተሰጠ ነው።

ንብረትን በሚመለከት የጅጅጋ ሜዳ ገበሬዎች ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት ብልሃት አለ። ማሽላውን መሬት ቆፍረው ይቀብሩታል። አፉን በአፈር ደፍነው ከላዩ ሲያስተካክሉት ቦታውን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ይህ ብልሃት እህልን ከተባይም ከዘራፊም ይጠብቃል። ሆኖም ጉድጓዱ ራሱ ሰው ይገድላል። በታፈነ እህል ውስጥ የሚፈጠረው መጥፎ አየር ከታች ይተኛል፤ ሳይናፈስ የገባ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የሚገባውም እንዲሁ። ስለዚህ አፉ ከተከፈተ በኋላ በደንብ ይናፈስ፤ የበራ ኩራዝ በገመድ ይውረድ፤ ኩራዙ ከጠፋ ማንም አይግባ። ባይጠፋም የሚገባው ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከላይ የሚጎትተው ሰው ቆሞ ይሁን።

ገንዘብ ፍራሽ ሥር ማስቀመጥ ሌባ የሚያውቀው ልማድ ነው። በባንክ፣ ወይም እንደ ሄሎካሽና በ2013 ዓ.ም. እንደተጀመረው ቴሌብር ባሉ የስልክ አገልግሎቶች ማስቀመጥ ይቻላል። ነገር ግን የምስጢር ቁጥሩን በስልኩ ጀርባ ላይ መጻፍ ፍራሽ ሥር ከማስቀመጥ አይሻልም። የራሽን ካርድ፣ የመታወቂያና የልደት ወረቀት በአንድ ከረጢት ይሁኑ። ከረጢቱ በእናት አንገት የሚንጠለጠል፣ ወይም ለመንጠቅ ሳይሆን ለማንሣት የሚመች ቦታ የሚቀመጥ ይሁን። ስለ ከረጢቱ በኋላ እንመለሳለን።

ጽሕፈት የተማረ ሰው በዚህ ረገድ ትልቅ ጥቅም አለው። በደብተር አንድ ገጽ ላይ የቤቱን ዕቃ ይመዝግብ፤ የስንት ግመል፣ በየትኛው ጎን ምን ምልክት እንዳለው ይጻፍ። ከስልክ ላይ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ሲመታ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል፤ እሱም ይጻፍ። «ስልኬ ጥቁር ነበር» ብሎ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድና ቁጥሩን ጽፎ የሚሄድ ሰው እኩል አይረዱም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቤትን የሚጠብቀው ጎረቤት ነው። ለጎረቤት ምልክት መስጫ ይኑር፦ ፊሽካ፣ ወይም ድስት በማንኪያ መምታት። ጩኸት ብቻ አይበቃም፤ ሕፃንም ይጮኻል፤ ባልና ሚስትም ይጣላሉ። ምልክቱ ለዚህ ብቻ የተለየ ይሁን። ምልክቱን የሰማ ጎረቤት ምን እንደሚያደርግም አብሮ ይወሰን። ሁሉም ቢሮጥ የራሳቸው ቤት ባዶ ይቀራል፤ ጨለማ ውስጥ ማን ሌባ ማን ረዳት እንደሆነም አይለይም። በምሥራቅ ያለው ቤት መብራት አብርቶ ይጩኽ፤ በምዕራብ ያሉት ሁለት ጎልማሶች አብረው ይምጡ፤ አንዱ ለፖሊስ ይደውል። አንዳንድ ሰፈር ሮንድ ይወጣል። ሮንድ መልካም ነው፤ ግን ማን ለማን እንደሚጠየቅ የታወቀ መሆን አለበት። በደርግ ዘመን የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ሰፈር ጠባቂም ቤት ፈታሽም ነበሩ፤ በእነሱ የተጠበቀም በእነሱ የፈራም ቤት ነበር።

አሁን ከባዱን ነገር እናንሣ። ሌባው ገብቷልና ምን ይደረግ?

በምሳሌ የወሰድነው ቤተሰብ እንዲህ ወሰነ። እናት ሕፃናቱን ይዛ ወደ አያት ክፍል ትገባለች፤ ከውስጥ ይወረውራሉ። ልጅቱ ፊሽካ ትነፋለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ማንም ወደ ሌባው አይሄድም። የሚወጣበትም በር አይዘጋበትም። ይህ የመጨረሻው ለወንዱ ልጅ አልተዋጠለትም። «እንዴት፣ ሬዲዮኑን ይዞ ሲሄድ ዝም ብለን እንየው?» አለ። አባት፣ «መውጫ ያጣ ሌባ ቢላ ይመዛል። ሬዲዮን እገዛለሁ፤ እናትህን ከየት እገዛለሁ?» አለው።

አባት ልክ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያታችን የሕይወት ጉዳይ ብቻም አይደለም። በሶማሌ ሕዝብ ባህላዊ ሕግ፣ ሔር በሚባለው፣ ለተገደለ ወንድ 100 ግመል፣ ለተገደለች ሴት 50 ግመል የደም ካሳ ይከፈላል። ካሳው መግ ይባላል። ሽማግሌዎች ተደራድረው መጠኑን ከፍ ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከፋዩ ግን ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ መግ አብረውት የሚከፍሉ ዘመዶቹ ሁሉ ናቸው። ሌባ ሦስት ፍየል ሊሰርቅ ቢመጣና ቢገደል፣ «ሌባ ነበር» መባሉ ክርክሩን አያስቀረውም። ሸምጋይ ይቀመጣል፤ ዘመድ ከሁለት ወገን ይሰበሰባል፤ ሳይስማሙ ከቀሩም ደም መፈላለግ ይመጣል። ያኔ ሌሊት የሚፈራው አንድ ሌባ መሆኑ ይቀራል። ከዚህም የከፋ አለ። በጨለማ የተመታው ሰው ሌባ ባይሆንስ? መጀመሪያ ላይ ያነሣነው፣ ግመሉ የጠፋበት ዘመድ ቢሆንስ?

የአገሪቱ ሕግም የራሱ መስመር አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ነገሩ በቀላል አማርኛ እንዲህ ነው፦ ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፤ አሁን የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከያውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ቢላ ይዞ እናትን የሚያንቅ ሰው በዱላ ቢመታ ይህ መከላከል ነው። ድስት ይዞ አጥር ዘሎ የሚሸሽ ሰው ከኋላው ቢመታ ግን አደጋው አልፏል። ሰውየው ከልኩ አልፎ ቢከላከል አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል ይፈቅዳል፤ ከልክ ያለፈው በሚታመን ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ምክንያት ከሆነም ያለ ቅጣት ሊያልፈው ይችላል። ይህን ሁሉ ግን ዳኛው በኋላ፣ በቀን ብርሃን፣ ማስረጃ አይቶ ነው የሚወስነው። ሽማግሌዎች መግ ቢጨርሱም የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ለብቻው ይታያል።

ጠመንጃ ያለው ሰው ይህን ደጋግሞ ያስብበት። የ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ሕፃናት በሚያድሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። የቆርቆሮና የጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም፤ ሌባውን የሳተ ጥይት የጎረቤት አልጋ ድረስ ይሄዳል።

ሌባው ከሄደ በኋላ ሰው ሁሉ ይገባና ይረጋግጣል። የእግር ዱካው፣ የተሰበረው ማያያዣ፣ የወደቀው ዕቃ እንዳለ ይቆይ፤ ፖሊስ ይየው። ዱካ የሚያነቡ የገጠር ሰዎች ብልሃትም በዚህ ጊዜ ይጠቅማል። የተያዘ ሌባ ካለ ታስሮ ለፖሊስ ይሰጥ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ቢደበድበው በወንጀል የሚጠየቀው ደብዳቢው ነው።

አጥርም፣ ቁልፍም፣ ፊሽካም የማይመልሱት ቀን ደግሞ አለ። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ያዘ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር መልሶ ያዛት። ከሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በጅጅጋ በተነሣው ሁከት ቤቶችና ሱቆች ተዘረፉ፤ ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጠሉ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። እንዲህ ባለ ቀን ቤት የሚጠበቀው ለቆ በመውጣት ነው። የሚያስፈልገው ቀደም ሲል ያነሣነው የወረቀት ከረጢት፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ቢበታተን የሚገናኝበት ቦታ ነው። ቦታው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከከተማው ውስጥ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። ሕፃናት የአባታቸውንና የአያታቸውን ሙሉ ስም፣ ቢቻል አንድ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይያዙ። በሶማሌ ቤት ልጆች የአባቶቻቸውን ስም ወደ ላይ መቁጠርን ከትንሽነታቸው ስለሚማሩ ስሙ አይከብዳቸውም፤ ስልኩ ግን ልምምድ ይፈልጋል።

በዚህ ትምህርት ላይ በቡድን ሆናችሁ ተነጋገሩ። የአያትን ሐሳብ ትቀበላላችሁ? ወንዱ ልጅ የተናገረውን የሚደግፍ በመካከላችሁ ካለ ምክንያቱን ያስረዳ፤ ሌሎቻችሁም መልሱለት። ከእናንተ መካከል ሰፈሩ ሮንድ የሚወጣ ካለ እንዴት እንደሚሠራ ይንገራችሁ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችሁ ደብተራችሁን አውጡና የሚከተለውን በጽሑፍ መልሱ። በቤታችሁ ሰው የሚያንሰው በየትኛው ወር ነው? በዚያ ወር ሌሊት በሩ ቢንኳኳ «ዋ አዮ?» የሚለው ማን ነው? ፊሽካው የሚሰጠው ለማን ነው? ቁልፉ የሚሰቀለው የት ነው? የሰዎቹን ስም ጻፉ፤ ወደ ቤት ወስዳችሁም ስማቸው የተጻፈው ሰዎች ሲሰሙ አንብቡላቸው።